ቴስቶስትሮንህን ያለ መርፌና ያለ ክኒን ለመንከባከብ፦ የ12 ሳምንት መመሪያ ከጅማ

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጥ ይቆያል። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ወንድሜ፣ ሆርሞን ከፍ የሚያደርግ ነገር አለህ? ተፈጥሯዊ ከሆነ ይሻለኛል» ይለኛል። የ22 ዓመት ተማሪም የ55 ዓመት ነጋዴም ጥያቄያቸው ይኸው ነው።

መልሱ ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ እንደ ቅደም ተከተሉ እዚህ ጽፌዋለሁ። ታላላቆቼ «አንተ» ስላልኩ አትቀየሙኝ፣ ለአጻጻፍ እንዲቀልለኝ ብዬ ነው።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። ቴስቶስትሮን በአብዛኛው የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ነው፣ ትእዛዙ ግን ከአንጎል ይመጣል። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ፒቱታሪ ለምትባል ትንሽ ዕጢ ምልክት ይሰጣል። ፒቱታሪ ኤልኤች የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች፣ ኤልኤችም ቆለጥ ደርሶ ምርቱን ያስጀምራል። በደም ውስጥ በቂ ቴስቶስትሮን ሲኖር አንጎል ይህን አይቶ ትእዛዙን ይቀንሳል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት የሚነኩ ናቸው። መርፌው ለምን ጣጣ እንደሚያመጣም የሚገባህ ይህን ስትይዝ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አንድ፣ 5 ሊትር የሚይዝ ሁለት
- ማንቂያ ያለው ስልክ
- መስኮት የሚሸፍን ወፍራም መጋረጃ (ከሌለ ጋቢም ይሠራል)
- የዱባ ፍሬ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ሰሊጥ ወይም ኑግ
- በቤትህ ያለ የመድኃኒት ፓኬት ሁሉ፣ ያለፈበትም ቢሆን
- ለደም ምርመራ የሚሆን ገንዘብ (ምርመራው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሠራ ዋጋውን ቀድመህ ጠይቅ)

ደረጃ 1፦ ችግሩ የሆርሞን መሆኑን ለይ

ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው ቴስቶስትሮን አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ደብተርህን ክፈትና ለእነዚህ መልስ ጻፍ።

የወሲብ ፍላጎትህ ራሱ ለወራት ቀዝቅዟል? ጠዋት ስትነቃ የነበረው የብልት መቆም ጠፍቷል? የፂምህ ወይም የሰውነትህ ፀጉር ሳስቷል? ጡትህ አብጧል? እነዚህ ወደ ሆርሞን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው። ድካም፣ ንዴት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል ግን ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም። ደም ማነስም፣ ጭንቀትም፣ እንቅልፍ ማጣትም ያመጧቸዋል።

ፍላጎቱ እያለህ ብልትህ ካልቆመ ነገሩ ሌላ ነው። ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደም ሥር፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊት ወይም ከጭንቀት ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ ጥበቱ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ስለዚህ ሌላው ቢቀር ስኳርህንና ግፊትህን ተለካ። ጠዋት ላይ የሚቆም፣ ከሰው ጋር ሲሆን ግን እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን ያሳያል።

ደረጃ 2፦ መነሻህን ለካ

መነሻውን ያልለካ ሰው ከ12 ሳምንት በኋላ «ለውጥ አለኝ» ቢል ግምት ነው። የምትለካው ሁለት ነገር ነው።

ወገብ፦ ልብስህን ገልጠህ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት አናት በላይ፣ መካከሉ ላይ ሜትሩን አዙር። ሆድህን አትሳብ፣ አየር አስወጥተህ ለካ። የሱሪ ቁጥርህን አትመን፣ ሱሪ ከሆድ በታች ይታጠቃላ። 94 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ 6 ዋናው ሥራህ ነው።

ደም፦ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ብለህ ጠይቅ። ደሙ የሚሰጠው ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ስኳር ያለው ቡናም ሳይጠጣ ነው። ቴስቶስትሮን በእንቅልፍ ጊዜ ከፍ ብሎ በንጋት ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ቀኑ ሲገፋ ይወርዳል። ምግብም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር።

«በእኛ አቆጣጠር» ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ወጣት ኢንተርኔት ላይ «ከ7 እስከ 10» የሚል አንብቦ በ8 ሰዓት፣ ምሳውን በልቶ ደም ሰጠ። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ያችን ሌሊት አልተኛም። ያነበበው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። በሌላ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲደግም ቁጥሩ ጤነኛ ሆነ። አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ስህተት ብትሆንም የአንድ ምርመራ ዋጋና ሦስት ቀን ጭንቀት አስከፍላዋለች።

ሁለተኛው ወጥመድ መለኪያው ነው። አንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ማለት 3 ናኖግራም በሚሊሊትር ማለት ነው፣ ወይም ወደ 10.4 ናኖሞል በሊትር። ወረቀትህ ላይ 4.2 አይተህ «የሰው 300 ነው፣ የእኔ 4!» ብለህ ከመደንገጥህ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ አንብብ። 4.2 ናኖግራም በሚሊሊትር 420 ነው፣ ደህና ነው።

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እንደ መስመር የሚይዙት 300 ናኖግራም በዴሲሊትርን ነው። ከዚያ በታች ከወጣ በሌላ ቀን ጠዋት መደገም አለበት። ከቀን ወደ ቀን ስለሚዋዥቅ በአንድ ውጤት ማንም ሐኪም አይፈርድም፣ አንተም አትፍረድ። ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞህ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት ካለህ አትመርመር። የታመመ ሰውነት ምርቱን ለጊዜው ይቀንሳል። ድነህ ጥቂት ሳምንታት ቆይ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የምትወስድ ከሆነም ለላቦራቶሪው ንገር፣ አንዳንድ የምርመራ ዘዴዎችን ያሳስታል።

ምልክት ከሌለህና «ለማወቅ ያህል» ከሆነ ይህን ምርመራ ዝለል። ገንዘቡን ለእንቁላል አውለው።

ደረጃ 3፦ እንቅልፍን አስተካክል (ሳምንት 1 እና 2)

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠራ ከሆነ ይህንን ሥራ።

የቀኑ ትልቁ ምርት የሚመረተው ተኝተህ ሳለ ነው። በ2011 በፈረንጅ አቆጣጠር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለአንድ ሳምንት ያህል በየሌሊቱ ለ5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አድርገው ነበር። ቀን ላይ የተለካው ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። በዕድሜ ምክንያት የሚወርደው በዓመት 1 በመቶ አካባቢ መሆኑን ስታስብ፣ አንድ ሳምንት ሲያመሹ መክረም ምን ያህል ዓመት እንደሚያስቀድም አስላው።

እንዲህ አድርግ፦

ሀ. የመኝታ ሰዓትህን ማታ 4 ሰዓት፣ የመነሻህን ጠዋት 12 ሰዓት አድርግ። ሥራህ ካልፈቀደ አንድ ሰዓት ወዲያ ወዲህ በል፣ ግን ከ7 ሰዓት እንቅልፍ አታሳንስ። ዓርብም እሑድም ያው ነው።

ለ. ማንቂያውን ለመነሳት ብቻ ሳይሆን ለመተኛትም ሙላ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ሲጮህ ቴሌቪዥንም ስልክም ይዘጋል። ስልኩን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጠው። ትራስ ሥር ካለ ታየዋለህ፣ አልዋሽህም፣ እኔም አየዋለሁ።

ሐ. የመጨረሻው ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ ጠላት እንደማፈራ አውቃለሁ። ነገር ግን ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ጠርታህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ ከተነሳህ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምህ ውስጥ ነው። «እኔ ቡና ጠጥቼ እንቅልፍ አይነሳኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይተኛል፣ ጥልቁ እንቅልፍ ግን ያጥረዋል። ጥሪውን አትቅር፣ ቂጣውንና ፈንዲሻውን ብላ፣ ስኒውን ግን አስተላልፍ። ወይም የቤትህን ቡና ወደ ጠዋት አዙረው።

መ. ክፍሉን አጨልም። የመንገድ መብራት ከገባ ጋቢ ስቀል። ትንኝ ካለ አጎበር፣ ሌሊቱን እጅህን እያጨበጨብክ ማደር እንቅልፍ አይባልም።

ሠ. ባለቤትህን «አንኮራፋለሁ? ትንፋሼ ይቋረጣል?» ብለህ ጠይቃት። ስታንኮራፋ ቆይተህ ጸጥ ብለህ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን የምትል ከሆነ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። ይህ በመመሪያ አይስተካከልም፣ ሐኪም ይየው።

ደረጃ 4፦ በርጫውንና ጨብሲውን አሳንስ (ከሳምንት 1 ጀምሮ)

እዚህ ከተማ ስለ እንቅልፍ አውርቶ ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ምክር እንዳይመስልህ፣ ስሌቱን ብቻ ነው የማሳይህ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ሁለት ነገር ይወስድብሃል፦ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት። ከምሳ በኋላ የጀመረ በርጫ እስከ ምሽት ይዘልቃል፣ ምርቃናው እስከ ሌሊት። እራት ይቀራል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይመጣል፣ ቢራ ወይም አረቄ። መጠጡ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። በብዛትና ለዓመታት ሲሆን ደግሞ ቴስቶስትሮን የሚያመርቱትን የቆለጥ ህዋሳት በቀጥታ ይጎዳል። ጉበትንም እንዲሁ። እንግዲህ በአንድ ምሽት እንቅልፍም፣ እራትም፣ ምርቱም ተነካ።

በአንድ ጊዜ መተው ከቻልክ ተው። ካልቻልክ በዚህ ቅደም ተከተል ቀንስ፦ መጀመሪያ ጨብሲውን አቁም። ቀጥሎ የበርጫውን መዝጊያ ሰዓት ቀደም አድርግ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አዲስ ቅጠል አትንካ። ቀጥሎ ቀኖቹን ቀንስ። መቃሚያ ከመቀመጥህ በፊት ምሳህን በደንብ ብላ፣ ከተነሳህም ፍላጎት ባይኖርህ እንኳ እራት ብላ። መጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርትና ድካም ይኖራል፣ «ሆርሞኔ ጠፋ» ብለህ አትተርጉመው። ጫቱ ሲወጣ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 5፦ ጡንቻህን አሠራ (ሳምንት 2 እስከ 12)

ስፖርት ሠርተህ ስትጨርስ ቴስቶስትሮን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል፣ ወዲያው ይመለሳል። ጥቅሙ ይህ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ይወስዳል፣ ኢንሱሊን በደንብ ይሠራል፣ ሆድ ይቀንሳል። በደም ውስጥ የሚቀረውን መጠን የሚያስተካክለው ያ ነው።

ጂም አያስፈልግህም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ጀሪካን ልኩ የታወቀ ክብደት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፦

1. ቁጭ ብድግ፦ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ተረከዝህ ከመሬት አይነሳ፣ ጀርባህ ቀጥ ይበል።
2. ፑሽ አፕ፦ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ካቃተህ እጅህን አልጋ ጠርዝ ላይ አድርገህ ጀምር።
3. ባለ 5 ሊትሩን በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው እጅህ ወንበር ተደግፈህ፣ ጎንበስ ብለህ ወደ ጎድንህ ሳብ፦ በእያንዳንዱ እጅ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።
4. ሁለቱን ባለ 5 ሊትር ይዘህ ግቢውን ተመላለስ፦ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ።

በዙር መካከል ሁለት ደቂቃ እረፍ። ከሳምንት 5 በኋላ ባለ 20ውን ጀሪካን በግማሽ ሙላና ደረትህ ላይ አቅፈህ ቁጭ ብድግ ሥራ። ከሳምንት 9 በኋላ ሙሉውን፣ ከቻልክ።

ቅደም ተከተሉን አትዝለል። እኔ የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሙሉ ጀሪካን ከቧንቧው እስከ ኩሽና በሩጫ ተሸከምኩ። ጉልበቴን ሳላጥፍ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ወገቤ ላይ አንድ ነገር «ቋ» አለ። አሥር ቀን ባንኮኒ ተደግፌ ሠራሁ። አንዲት እናት የህመም ማስታገሻ ልትገዛ መጥታ «አይ ልጄ፣ ለራስህስ?» ብላኝ ሄደች።

በቀሪዎቹ ቀናት ፈጠን ያለ የእግር መንገድ፣ 40 ደቂቃ። የአዋቂ ሰው ትንሹ ልክ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። ባጃጅ ለምደን ነው እንጂ ጅማ ለእግር የተሠራች ከተማ ናት። እሑድ ጠዋት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ያዝ። እያወራህ መሄድ የምትችል፣ መዝፈን ግን የማትችል ከሆነ ፍጥነትህ ልክ ነው። በክረምት ዝናቡ ካላስወጣህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብድግህን እጥፍ አድርግ።

በየቀኑ እስኪዝል መሥራት ግን ስህተት ነው። ሳይበሉና ሳያርፉ መልፋት አንጎል «ጊዜው የችግር ነው» ብሎ ትእዛዙን እንዲቀንስ ያደርጋል።

ደረጃ 6፦ ሳህንህንና ወገብህን አስተካክል (ሳምንት 2 እስከ 12)

የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፣ ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ስለዚህ ወገቡ የሰፋ ሰው ከሚያመርተው የበለጠ ድርሻ ይለውጣል። ወገብ ሲቀንስ ቁጥሩ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወገብህ ሰፊ ከሆነ ግብህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ነው። በፍጥነት መራብ ከላይ እንዳልኩት ምርቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ የምትነካው ስኳሩን ነው። በቀን ስድስት ስኒ ቡናና ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከጠጣህ 12 ማንኪያ ነው፣ ወደ 50 ግራም። በሳምንት ከሩብ ኪሎ በላይ ስኳር በስኒ ብቻ ጠጣህ ማለት ነው። ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ይህ አይመለከታችሁም። ለስላሳ መጠጡን ደግሞ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ።

ከዚያ እንጀራውን በአንድ አጥፈህ ወጡን ጨምር። በየምግቡ ፕሮቲን ይኑር፦ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ። ስብንም ጨርሶ አትፍራ፣ ቴስቶስትሮን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፣ ስብ ጨርሶ የሌለው አመጋገብም አይመከርም። ሐሙስ ገበያ ስትወጣ አቮካዶ ያዝ፣ ጅማ ተቀምጦ አቮካዶ አለመብላት ነውር ነው።

ዚንክ የሚባለው ማዕድን ሲያንስ ቴስቶስትሮን ይወርዳል። ወንድ በቀን 11 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። የበሬ ሥጋ ጥሩ ምንጩ ነው። በጾም ወቅት ወይም ሥጋ ሲወደድ የዱባ ፍሬና ጥራጥሬ ይተኩታል፣ ግን አንድ ችግር አለ፦ ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንኩን ይዞ አይለቅም። የሚያስለቅቀው ማብቀልና ማቡካት ነው። እርሾ ያለው እንጀራ ይህን ሥራ ራሱ ይሠራል። ለባቄላው ደግሞ እናቶቻችን መፍትሔውን ያውቁት ነበር፣ በቆልት፦

ማታ ባቄላውን አጥበህ በብዙ ውኃ ዘፍዝፍ። ጠዋት ውኃውን ድፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ወንፊት ላይ አስቀምጥ። ጠዋትና ማታ በውኃ እያለቀለቅክ መልሰህ ጠቅልል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጭ ቡቃያ ብቅ ይላል፣ የሩዝ ፍሬ ያህል ሲሆን በቂ ነው። ካሸተተህ ወይም ካዝለገለገ ጣለው፣ ማለቅለቁን ረስተሃል። በጨው ቀቅለህ፣ በሚጥሚጣ ወይም በሎሚ ብላው። የዱባ ፍሬውን ደግሞ አጥበህ ፀሐይ ላይ አድርቀህ ለስለስ ባለ እሳት ቁላ፣ በቀን አንድ እፍኝ።

ጾም ራሱ ችግር አይደለም፣ የሁዳዴም የረመዷንም። ችግሩ ከጾሙ ጋር የሚመጣው ነው፦ አንዱ ሲፈስክ በዳቦና በሻይ ብቻ ይጠግባል፣ ሌላው ሱሁር እየጠበቀ ሌሊቱን ሁሉ ያመሻል። በረመዷን ከተራዊህ በኋላ ቶሎ ተኛ፣ ከዙህር በኋላ ጥቂት አሸልብ።

ፀሐይ፦ ቢሮና ሱቅ ውስጥ የምትውል ከሆነ ጠዋት ክንድህን ገልጠህ 15 ደቂቃ ውጣ፣ ለቫይታሚን ዲ። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ደረጃ 7፦ የመድኃኒት ፓኬቶችህን መርምር (ሳምንት 3)

ያለህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ስማቸውን ደብተርህ ላይ ጻፍ። ቴስቶስትሮንን የሚያወርዱ የታወቁ አሉ፦ ትራማዶልና ሌሎች የዚህ ቤተሰብ ህመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፣ የሚዋጥ ኬቶኮናዞል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እንዲሁም እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች።

ዴክሳሜታዞን «ያወፍራል» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ፊት ይሞላል፣ ሰውየው ያማረበት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጡንቻው እየሳሳ ሆርሞኑ እየወረደ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ካገኘህ በራስህ አታቁም። በተለይ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ለሳምንታት ተወስደው በድንገት ሲቆሙ ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣሉ፣ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን አስፈላጊ ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ። ዝርዝሩን ይዘህ ወዳዘዘልህ ሐኪም ሂድ፣ ወይም በአቅራቢያህ ያለ ፋርማሲስት አነጋግር።

ደረጃ 8፦ ደግመህ ለካ (ሳምንት 12)

ያው ላቦራቶሪ፣ ያው ሰዓት፣ ባዶ ሆድ። ወገብህንም። ላቦራቶሪ ከቀየርክ መሣሪያውም መለኪያውም ስለሚለያይ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ ሆኖ ምልክትህም ከተሻለ በያዝከው ቀጥል። ቁጥሩ ጤነኛ ሆኖ ምልክቱ ካልተሻለ ችግርህ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ደረጃ 1 ተመለስ። በሁለት ጠዋት ምርመራ ከመስመሩ በታች ከቀረ ሐኪም ጋ ሂድ።

ማስጠንቀቂያ

መርፌ፦ ጂም ውስጥ በጓደኛ እጅ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን ወይም ስቴሮይድ አትወጋ። ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ኤልኤችን ይዘጋል። ቆለጥ ሥራ ይፈታል፣ ይኮማተራል፣ የስፐርም (የወንድ ዘር ህዋስ) ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ካቆምክ በኋላ መመለሱ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ሐኪም ራሱ ቢያዝልህ እንኳ ይህን አስቀድመህ ንገረው።

«የዕፅዋት» ክኒን፦ ስም የለሽ እንክብል «በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል» ከተባልክ ዕፅ ሳይሆን የተደበቀ ሲልደናፊል (የቪያግራ መድኃኒት) ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ያሉትን በተደጋጋሚ ይዟል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ቢውጥ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሳትቆይ ሐኪም ጋ የምትሄደው፦ የማያቋርጥ ራስ ምታት ከእይታ መጥበብ ጋር፣ በቆለጥ ላይ እብጠት ወይም ጠጠር፣ ከጡት ፈሳሽ መውጣት፣ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክሮ ልጅ አለመምጣት። በልጅነትህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ቆለጥህ አብጦ ከነበረም ለሐኪሙ ተናገር።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

*በአንድ ሳምንት መፍረድ።* እንቅልፍ በቀናት ውስጥ ይሰማሃል፣ ወገብ ግን ወራት ይፈልጋል።

*ዚንክ በክኒን መደራረብ።* ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ሲዘወተር መዳብን ያሟጥጣል፣ ደም ማነስ ያመጣል። እጥረት ለሌለው ሰው ተጨማሪ ዚንክ ተጨማሪ ቴስቶስትሮን አይሆንም።

*ጥሬ ሥጋ ከበሰለው ይበልጣል ማለት።* ዚንኩ በሁለቱም አለ። ጥሬው የሚጨምርልህ የኮሶ ትል ነው።

*አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ማር።* ምግብ ናቸው፣ ብላቸው። አብሽ ግን የደም ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በየቀኑ በብርጭቆ አትጠጣው። ማር ደግሞ ስኳር ነው፣ የጫካ ቢሆንም።

*ቅዳሜ ተኝቶ ማካካስ።* የአምስት ሌሊት እዳ በአንድ ቀን አይከፈልም፣ የእሑዱን መኝታ ግን ያበላሽብሃል።

*ለሐኪሙ ግማሹን መደበቅ።* ጫቱን፣ ትራማዶሉን፣ የጂሙን መርፌ ካልተናገርክ የሚታዘዝልህ ምርመራ ይበዛል፣ መልሱም ይርቃል። ደብተሩን እንዳለ ስጠው፦ ሁለቱን የደም ውጤቶች ከነሰዓታቸው፣ የወገብ ልኩን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን። ምናልባት ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን (ሁለቱም እንደ ኤልኤች ከፒቱታሪ የሚወጡ ሆርሞኖች ናቸው)፣ ታይሮይድና ስኳር ይጨምርልሃል፤ ችግሩ ከአንጎል ነው ወይስ ከቆለጥ የሚለየው በተለይ በኤልኤችና በኤፍኤስኤች ነው። ቀጠሮህ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደሙን እዚያው አትስጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ተመለስ።